የሰዓዳ እንግሊዝኛ

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ትንሿ ልጄ ቤዛ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አገኘኋት። ወረቀቱ ላይ ሃያ ዓረፍተ ነገሮች አሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ቃላት ጥንድ ሆነው ተቀምጠዋል፣ አንዱ ቅጽል ሌላው ተውሳከ ግሥ። «ኩዊክ» ነው «ኩዊክሊ»? «ኬርፉል» ነው «ኬርፉሊ»? ተማሪው የሚስማማውን መርጦ ያሰምርበታል። ቃሉ ስሙን የሚገልጽ ከሆነ የመጀመሪያው፣ ድርጊቱ እንዴት እንደተፈጸመ የሚናገር ከሆነ ሁለተኛው። ይኸው ነው ነገሩ።

እኔም ማንም ሳይጠራኝ ከጀርባዋ ቆሜ አንገቴን አሰገግሁ። አራተኛው ላይ «እሱ ስህተት ነው» አልኳት። ስድስተኛው ላይ «እሱም» አልኳት። ዘጠነኛው ላይ ስደርስ እርሳሷን አስቀምጣ ዞራ አየችኝ።

«አባዬ፣ እንዲህ ስትለኝ እኮ የማውቀውም ይጠፋብኛል» አለችኝና ወረቀቷን ሰብስባ ክፍሏ ገባች።

ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና «አበጀች!» ብላ ሳቀች። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ሻዬን ይዤ በረንዳ ላይ ወጣሁ። እኛ የምንኖረው ሳዑዲ፣ ደማም ውስጥ፣ ሙሐመዲያ ሰፈር ነው፤ በዚያ ሰዓት ከታች ካለው ዳቦ ቤት ተሚስ የሚሉት ቂጣ ሽታ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል። ሻዩ ቀዘቀዘብኝ። ልጄ ያለችኝን ነገር ከብዙ ዓመት በፊት ልትለኝ የሚገባት ሌላ ሰው ነበረች። አላለችኝም። ሰዓዳ ትባላለች።

የደማም ጎረቤት ወደሆነችው ኮበር ስመጣ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ነሐሴ ላይ ነው የገባሁት። ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ወጣ እንዳልኩ መነጽሬ ጉም ለበሰና ሊቀበለኝ የመጣውን ሹፌር ማየት አቃተኝ፤ የባሕሩ ርጥበት እንደዚያ ነው፣ ሰው በእርጥብ ፎጣ የተጠቀለለ ይመስለዋል። የመጣሁት በአንድ የግል ሆስፒታል የላቦራቶሪ ቴክኒሽያን ሆኜ ነው። ከዚያ በፊት ናዝሬት ሳለሁ ማታ ማታ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። እውነቱን ለመናገር ከደም ናሙና ይልቅ የምኮራው በእንግሊዝኛዬ ነበር። ማርክ ላይ ንፉግ ነኝ ብዬም እኮራ ነበር። እኔ ዘንድ አሥራ ስምንት ከሃያ ያገኘ ተማሪ ወላጆቹን በግ ያሳርድ ነበር እያልኩ እቀልድ ነበር። እኔን ያስተማሩኝም እንደዚያው ነበሩ፤ ጥሩ አስተማሪ ማለት የማያሞግስ አስተማሪ ነው ብለን ነው ያደግነው።

በሆስፒታሉ እትዬ አልማዝ የሚባሉ የአገራችን ነርስ ነበሩ፤ አሥር ዓመት ያህል የቆዩ፣ ሁሉም ሰው የሚያማክራቸው። ቤታቸው ዑለያ ውስጥ ከአንድ የመጋረጃ ሱቅ በላይ ነበር። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ጠሩኝና «አንተ አስተማሪ ነበርኩ ትላለህ አይደል? ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች አሉ፣ ዓርብ ዓርብ እንግሊዝኛ ብታስተምራቸው ምን ይልሃል?» አሉኝ። ደስ አለኝ። ዓርብ የእረፍት ቀን ነው፤ ለብቸኛ ላጤ ምን ቀን መሰላችሁ! ካልተኙ ኮርኒሽ የሚሉት የባሕር ዳር መናፈሻ ላይ የሰው ቤተሰብ ሲበላ ማየት ነው።

እንዲህ ተጀመረ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ስድስት ወይም ሰባት ሴቶች ይመጡ ነበር። አብዛኞቹ የወሎ ልጆች ናቸው። ያን ጊዜ ዘመድ ያልሆኑ ወንድና ሴት አንድ ክፍል መቀመጣቸው ቀላል ነገር አልነበረምና የእትዬ አልማዝ ባል ወንበራቸውን በሩ አጠገብ አድርገው ይጠብቁን ነበር፤ ይጠብቁን ነበር ስል፣ ያንኮራፉ ነበር። እትዬ አልማዝ ፉልና ተሚስ ያቀርባሉ፣ በበጋው ማለቂያ ደግሞ ለስላሳውን ትኩስ ቴምር። ፉሉ ላይ ከአገር ያስመጡትን ሚጥሚጣ ነስንሰው ሲያመጡት ክፍሉ በሙሉ ያስነጥሰው ነበር።

ሰዓዳ በሁለተኛው ዓርብ ነው የመጣችው። የሐይቅ ልጅ ናት፤ ሃያ አምስት ዓመት ይሆናታል፣ ረዘም ያለች፣ ስትስቅ አፏን በሻርፗ ጫፍ የምትሸፍን። ትሠራበት በነበረው ቤት የካፊሏ፣ ማለትም ዋስ የሆናት አሠሪዋ፣ እናት አልጋ ላይ የዋሉ አሮጊት ነበሩ፤ አራት ዓመት ሙሉ ያገላበጠቻቸው፣ ያጠበቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው እሷ ናት። ዓርብ ዓርብ ማዳሟ ልጆቿን ይዛ ወደ ኒስፍ አልቀመር ባሕር ዳርቻ ስትሄድ፣ ካፊሉ ደግሞ እናቱ ዘንድ ስለሚቀመጥ፣ ሰዓዳ ሦስት ሰዓት የራሷ ሆኖ ይሰጣታል። ሹፌሩ ዑለያ ጥሏት ያልፋል።

እንግሊዝኛ ከባዶ አልነበረም የጀመረችው። አሮጊቷን እንቅስቃሴ የሚያሠራ አንድ የሕንድ የአካል ሕክምና ባለሙያ በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣ ነበርና ከእሱ ለቅማለች። መጀመሪያ ቀን «ስለ ሥራሽ ንገሪን» ስላት ቀጥ ብላ ቆመችና ያለ አንዳች ፍርሃት «ማማ ዎክ ስሎው ስሎው። አይ ሆልድ ጉድ ጉድ። ማማ ኖ ፎል፣ ማማ ሃፒ!» አለች። ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ፤ የእትዬ አልማዝ ባልም ነቁ። ያልገባው ሰው ግን አልነበረም። አሮጊቷ ቀስ ቀስ እያሉ ሲራመዱ፣ ይህች ልጅ ደህና አድርጋ ስትይዛቸው፣ ሁላችንም አየነው።

አሁን ሳስበው የተናገረችው በእንግሊዝኛ ቃል የተሠራ አማርኛ ነበር። እኛ ድርጊት እንዴት እንደተፈጸመ ለመናገር ስንፈልግ ቃል እንደግማለን፤ ቶሎ ቶሎ፣ ቀስ ቀስ፣ ደህና ደህና። ዓረቦቹም «ሹወይ ሹወይ» ይላሉ። ሰዓዳ ከሁለቱም አገር ያመጣችውን እዚያ ላይ ገጠመችው። ዛሬ ቢሆን አጨበጭብላት ነበር። ያን ጊዜ ግን ጥቁር ሰሌዳ ባይኖረኝ በካርቶን ላይ ሁለት ዓምድ አሰመርኩ፤ በግራ ቅጽል፣ በቀኝ ተውሳከ ግሥ። «ስሎው» እዚህ፣ «ስሎውሊ» እዚያ። «ጉድ» እዚህ፣ «ዌል» እዚያ። «ከዛሬ ጀምሮ» አልኩ፣ «አንድ ቃል ሁለቴ ደጋግሞ መናገር ክልክል ነው።»

ከናዝሬት ይዤው የመጣሁት አንድ ዘዴ ነበረኝ። አንድ ተማሪ ቆሞ ይናገራል፤ ሌሎቹ ስህተት ሲሰሙ እጃቸውን ያወጣሉ። ቀድሞ ስህተቱን የያዘ ይጨበጨብለታል፣ ተናጋሪው ቆሞ ትክክለኛውን ሦስት ጊዜ ይደግማል። ሴቶቹ ይህንን ጨዋታ ወደዱት። ሳምንቱን ሙሉ ሲታዘዙ የሚውሉ ሰዎች ናቸው፤ ሌላውን ማረም ደስ ቢላቸው አልፈርድባቸውም። የምፈርደው በራሴ ነው። ብዙ የምትናገረው ሰዓዳ ስለነበረች ብዙ የምትያዘውም እሷ ሆነች።

መጀመሪያ ላይ ስትያዝ ትስቅ ነበር። በሁለተኛው ወር መሳቋን ተወች። በሦስተኛው ወር ከመናገሯ በፊት ጣሪያውን ማየት ጀመረች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ሁለቱን ቃላት ትመዝናለች፣ ከዚያ የእኔን ፊት ትመለከታለች። ፊቴ ላይ መልሱ የተጻፈ ይመስል። ብዙ ጊዜ «ይቅርብኝ ቲቸር፣ ሌላ ሰው ይናገር» ብላ ትቀመጥ ነበር።

እትዬ አልማዝ አንድ ቀን ሳህን እያነሱ «ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው ዝም ያለችው?» አሉኝ።

«እያሰበች ነው። ድሮ ሳታስብ ነበር የምትናገረው፤ አሁን ሰዋስው ገብቷታል» አልኳቸው፤ በኩራት ነው ያልኩት።

«እኔ እንጃ» አሉ። «ድሮ ስትናገር ደስ ትለኝ ነበር።»

በመጣሁ በዓመቱ፣ ሙቀቱ ሊሰበር ሲል፣ አሮጊቷ አረፉ። ሰዓዳ ሐዘን እንደደረሰበት ሰው ጥቁር ለብሳ መጣች። ካፊሏ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ቤቱ ውስጥ ሌላ ሠራተኛ ነበረችና ሁለት አያስፈልጉኝም አለ። «ኸላስ፣ ሥራሽ አልቋል። ኢቃማሽ የሚያበቃው በወሩ መጨረሻ ነው። እስከዚያ የሚወስድሽ ካፊል ካገኘሽ አዛውርሻለሁ፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም። ካላገኘሽ ኹሩጅ እመታልሻለሁ» አላት። ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ነው፣ ኹሩጅ ማለት ደግሞ የመጨረሻ መውጫ ነው፤ ፓስፖርት ላይ ከተመታ ወደ አገር ነው።

ሌላ ሰው ቤት መግባት ቀላል ነበር። እሷ ግን አልፈለገችም። «ቲቸር» አለችኝ፣ «እኔ ሰው ማስታመም እንደምችል ያወቅሁት እዚህ ነው። ሐይቅ ብመለስ አጎቴ ቤት ጥገኛ ሆኜ ነው የምቀመጠው። ሌላ ቤት ብገባ ምንጣፍ ሳጥብ ነው የምኖረው። ሆስፒታል ብገባ ግን... አላህ ያውቃል፣ ሌላ አልጠይቅም ነበር።» ይህንን ስትለኝ «አንቱ» እያለች ነው፤ የወሎ ልጅ ናትና እኩያዋን እንኳ አስተማሪ ከሆነ አንተ አትልም።

ሆስፒታላችን ውስጥ የሴቶቹን ክፍል የምትመራው ሚስ ሎርና የምትባል ፊሊፒናዊት ነርስ ነበረች። አጭር፣ ፈጣን፣ ቀኑን ሙሉ የምትሮጥ። እንግሊዝኛዋ፣ እኔ እንደማርመው ቢታረም፣ ወረቀቱ ቀይ በቀይ ይሆን ነበር፤ ቅጽሉ የተውሳከ ግሥ ቦታ ተቀምጦ፣ ያለፈው ጊዜ ከአሁኑ ተደባልቆ። በዚያ እንግሊዝኛ አርባ አልጋ ታስተዳድር ነበር፣ ሐኪሞቹም ይፈሯት ነበር። በዚያ ሰሞን ሕመምተኛ የምታነሳና የምታጥብ ረዳት ትፈልግ ነበርና እትዬ አልማዝ ስለ ሰዓዳ ነገሯት። «አምጫት፣ ልያት» አለች።

ሰዓዳ የመጣችው ማክሰኞ ጠዋት ነው። እኔ ደም ልቀዳ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። መስኮቱ አጠገብ ከቀጢፍ የመጡ አንዲት አሮጊት ተኝተው ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ አልታጠብም ብለው ነርሶቹን ያባረሩ። ሚስ ሎርና ሰዓዳን ወደ እሳቸው ላከቻት። ሰዓዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ እጃቸውን ያዘች፣ በዓረብኛ አንድ ነገር አለቻቸው። አሮጊቷ መለሱላት። እንደገና አለቻቸው። ከዚያ አሮጊቷ ሲስቁ ሰማሁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ታጥበው፣ ፀጉራቸው ተበጥሮ፣ ትራሳቸው ተገልብጦ ተቀምጠዋል። ሚስ ሎርና እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ታይ ነበር።

ከዚያ በእንግሊዝኛ አናገረቻት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ። «ሕመምተኛ ሊወድቅ ሲል ምን ታደርጊያለሽ?» አይነት ቀላል ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የመጣች ቀን የነበረችው ሰዓዳ ብትሆን ኖሮ እጇን እያወናጨፈች ትመልሰው ነበር። የአሁኗ ሰዓዳ ጣሪያውን አየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ዓይኗ በክፍሉ ውስጥ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ። የደም ብልቃጦቼን ይዤ ቆሜያለሁ። «የስ» አለች በመጨረሻ። ሌላም ጠየቀቻት። «የስ፣ ሚስ»፣ «ኖ፣ ሚስ»። ከዚህ ያለፈ ቃል አልወጣትም።

ሚስ ሎርና ኮሪደር ላይ ተከተለችኝ።

«ተማሪህ ናት አይደል? ልጅቷን ወድጃታለሁ» አለችኝ። «እጇ የሚሠራውን አይቻለሁ። አፏን ግን አልሰማሁም። ሐኪም ቢጠራ መናገር ትችላለች? እንግሊዝኛዋ ይበቃል? አንተ ይበቃል ካልክ ዛሬ እፈርማለሁ።»

ይህንን ስትለኝ በራሷ ንግግር ውስጥ ሦስት ስህተት ቆጥሬያለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ያንን እየቆጠርኩ ነበር።

በዚያች ቅጽበት በጭንቅላቴ ያለፈውን አንድ በአንድ አስታውሰዋለሁ። ሰዓዳ ባለፈው ዓርብ በጥንድ ቃላቱ ፈተና ያገኘችው አሥራ አንድ ከሃያ ነው፤ ለሁሉም ጮክ ብዬ ያነበብኩት። «ይበቃል» ብዬ ነገ ብትሳሳት ምን ይሉኛል? ያገሩን ልጅ ነው ያስገባው ይሉኛል። እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ ይላል፣ ተማሪውን እዩዋት ይሉኛል። ከዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ፣ ይህንን መናገር ያሳፍረኛል፣ አሥራ አንድ ያገኘ ሰው አለፈ ማለት ከአፌ አልወጣ አለ። የወሩ መጨረሻ ምን ያህል እንደቀረው አውቅ ነበር፤ አሥራ ሰባት ቀን።

«ገና ናት» አልኳት። «ሦስት ወር ብትሰጫት ጥሩ ትሆናለች።»

«ሦስት ወር የለኝም» አለችና ዞራ ሄደች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እኔ ግን የገባኝ ያኔ አልነበረም፤ ወደ ላቦራቶሪ ስመለስ እንዲያውም ራሴን እንደ ሐቀኛ ሰው ቆጥሬ ደረቴን ነፋ አድርጌ ነበር። ለወገኔ አላደላሁም። እውነቱን ተናገርኩ። ብልቃጦቹን በቅደም ተከተል ደረደርኩ፣ ሻዬን ጠጣሁ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ አልማዝ መጡ። በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

«ምን አልካት?»

«እውነቱን ነዋ። እንግሊዝኛዋ ገና ነው።»

«የት አገር ገና ነው? እዚህ ሆስፒታል ውስጥ? ያቺ ፊሊፒኗ የምትናገረውን እየሰማህ?» አሉኝ። «አንተ ሰው፣ እሷ የጠየቀችህ ልጅቷን ልቅጠራት ወይ ብላ ነው። አንተ ማርክ ሰጠሃት።»

ዓይኔን ወደ ብልቃጦቹ መለስኩ። «አሁንም አልረፈደም» አሉኝ። «ሂድና ተሳስቻለሁ በላት። ተሳስቻለሁ ማለት ትችላለህ አይደል?»

«እሄዳለሁ» አልኳቸው። ረቡዕ ሥራ በዛብኝ አልኩ። ሐሙስ ሚስ ሎርና ፈቃድ ላይ ናት ተባልኩ፤ ስልኳ ግን ነበረኝ። ዓርብ የሴቶቹ ትምህርት ስላለ አልኩ። የሰውን ስህተት ሲያርም የኖረ ሰው የራሱን ለመናገር እግሩ ይከብደዋል። ቅዳሜ ስገባ አዲስ ረዳት ተቀጥራ አገኘኋት፤ የስሪላንካ ልጅ፣ ታታሪ፣ እንግሊዝኛዋ ከሰዓዳ የማይሻል። በሁለት ሳምንት ውስጥ እየሰማች ለመደችው።

ሰዓዳ የመጨረሻዋን ዓርብ መጣች። ኹሩጁ ተመትቷል፣ በረራዋ እሑድ ነው። ከካፊሏ የቀጢፍ እርሻ የመጣ አንድ ካርቶን ቴምር ይዛልኝ ነበር፤ ገና ከዘንባባው የወረደ፣ ማር የሚያንጠባጥብ። ክፍሉ ውስጥ አንድም ቃል በእንግሊዝኛ አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኋት። ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች።

«ቲቸር፣ ደክመውልኛል። አላህ ይስጥልኝ» አለችኝ።

«ምንም አይደል። ኢንሻአላህ ትመለሻለሽ» አልኳት፤ በእሷ ቃል። ሹፌሩ ከታች ጡሩምባ ነፋ፣ ወረደች። ቴምሩን በላሁት። ጣፋጭ ነበር፤ ይህንንም አልረሳሁትም።

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ብዙ አልቆየም። ሴቶቹ አንድ በአንድ ቀሩ፣ እኔም አንድ ዓርብ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። አገባሁ፣ ልጆች ወለድኩ፣ ሥራ ቀይሬ ደማም ገባሁ። ኮበርና ደማም ያን ጊዜ በመካከላቸው ሰፊ አሸዋ ነበር፤ አሁን የት ላይ እንደሚለያዩ ሹፌሮቹም አያውቁትም። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሰዓዳ ትዝ ባለችኝ ቁጥር ራሴን የማጽናናበት አንድ ነገር ነበረኝ፤ እኔ መሆኔን አታውቅም እል ነበር። ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ ብላ ነው የሄደችው፣ ቅሬታ የላትም እል ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ከበረንዳው ስገባ እትዬ አልማዝ ዘንድ ደወልኩ። ጡረታ ወጥተው አዲስ አበባ ናቸው። የሰዓዳን ስልክ አላቸው እንደሆን ጠየቅኋቸው። «አለኝ። መቼ ትጠይቀኝ ይሆን እያልኩ ነበር» አሉኝ። ቁጥሩን ሲነግሩኝ ሌላ ቃል አልጨመሩበትም።

ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ደወልኩላት። ሐይቅ ናት፤ ከመንገዱ ዳር ሻይ ቤት አላት። ድምጿ ወፍሯል እንጂ እሷው ናት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት «ቲቸር! አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አሉ!» ብላ ሻይ ቤቱ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ነገረች። ስለ ልጆቼ ከመጠየቋ በፊት ልናገረው ብዬ ቶሎ አልኩት። ያን ማክሰኞ ሚስ ሎርና ጠይቃኝ ነበር፣ ገና ናት ያልኩት እኔ ነኝ፣ በእኔ ምክንያት ነው ሥራው የቀረብሽ አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

«ታውቂያለሽ?»

«የዚያኑ ዕለት ሚስ ሎርና ነግራኛለች። ‹አስተማሪሽ ገና ናት ብሏል› አለችኝ።»

«ታዲያ ቴምር ይዘሽ የመጣሽው?»

«አስተማሪዬ አልነበሩም እንዴ?» አለች፤ ገረማት። «ምን ብዬ እቀየማለሁ? ከአንቱ በላይ ማን ያውቀዋል? እሳቸው ገና ናት ካሉ ገና ነኝ አልኩና ተውኩት።»

«ምኑን ተውሽው?»

«እንግሊዝኛውን ነዋ። ከዚያ ወዲህ ተናግሬው አላውቅም። እዚህ ሐይቁን ሊያዩ ፈረንጆች ይመጣሉ፤ የሚሉትን እሰማቸዋለሁ፣ ይገባኛል። እኔ ግን ዝም ብዬ የጎረቤቱን ሰውዬ እጠራለሁ። ለምን እሳሳታለሁ?»

የምላት አንድ ነገር ብቻ እንደቀረኝ ገባኝ። «ሰዓዳ፣ ይበቃ ነበር» አልኳት። «እንግሊዝኛሽ ይበቃ ነበር። መጀመሪያ ቀን ስትናገሪም ይበቃ ነበር።»

ከወዲያ ብርጭቆ ሲቀመጥ ሰማሁ።

«ይህንን ለሚስ ሎርና ነበር የሚሏት፣ ቲቸር» አለችኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የረፈደ ነገር ሲነገር እንደሚሰማው አይነት ነው የሰማችኝ። ከዚያ ስንት ልጆች እንዳሉኝ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት፣ አላህ ያሳድግልዎት አለችኝ፣ ደንበኛ መጣባትና ተሰናበተችኝ።

ስልኩን ከዘጋሁት ሁለት ሰዓት ሊሆነው ነው። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ብትረግመኝ ቢያንስ አላመነችኝም ማለት ነበር። እኔ እስከ ዛሬ የነፈግኋት አንድ ሥራ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አንደበቷንም ወስጄባት ነበር፣ እሷም አመስግናኝ ነው የሄደችው።